ሩፋይዳ «ልከፍት ነው» ሳትል አትከፍትም

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየእድሩና በየትልቁ ቤተሰብ ውስጥ፣ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ሳያውጅ ምንም የማያደርግ፣ አድርጎም ሲያበቃ ሳያሳውቅ የማያርፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ከታክሲ ሊወርድ ሲል «ልወርድ ነው» ይላል፤ ወርዶ መሬት ሲረግጥ «ወረድኩ» ይላል። ማን ጠየቀው? ማንም። ሊያስነጥሰው ሲል እንኳ «ሊያስነጥሰኝ ነው» ብሎ ሰፈሩን ያዘጋጃል። ፈጣሪ ለምን እንደፈጠረው ሊቃውንት ይመራመሩበት፤ እኔ በበኩሌ እኛን ትዕግሥት ለማስተማር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ለእኛ የተላከችልን ሩፋይዳ ናት።

እኛ ስል፣ አዲሱ ገበያ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ላይ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ የምንሠራ ሰዎች ነን። ኢምራን ባለቤቱ ነው። ኑሕ ካሜራ ይይዛል። እኔ ጉልላት ኑሕ ያመጣውን እየቆረጥኩ እቀጥላለሁ፤ የአክስት ማዛጋት አውጥቼ የአክስት እልልታ አስገባለሁ። ከሁላችን በላይ ደግሞ ክብርት ሩፋይዳ፣ የሰርቨር ክፍል የበላይ ጠባቂ፣ አለች። ሰርቨር የምንለው የጉለሌን ሰርግ ሁሉ የዋጠ ጥቁር ሣጥን ነው። ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት ያጉረመርማል።

ጠዋት ትመጣለች። በሩ ላይ ቆማ «ልገባ ነው» ትላለች። ትገባለች። «ገባሁ።» ቦርሳዋን ስታስቀምጥ «ላስቀምጥ ነው፤ አስቀመጥኩ።» የሰርቨሩን ክፍል ስትከፍት «ልከፍት ነው፤ ከፈትኩ።» መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ አድርጋ ከሰው ጋር የምታወራ መስሎኝ፣ ወሬዋን ላለማቋረጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እሠራ ነበር። ኋላ ስጠጋ ማዳመጫም ሰውም የለም። ኢምራን «ማሻአላህ፣ የቀጥታ ሥርጭታችን ጀመረ» እያለ ይስቃል። እሷ አትስቅም። ብትስቅ ኖሮ «ልስቅ ነው» ትል እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ከአባዬ» አለችኝ።

አባቷ ሐጂ ኑሪ እዚያው አዲሱ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሱቁን አይቆልፉም፤ ወንበር በሩ ላይ አጋድመው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ወንበሩን ያየ ደንበኛ ሰውዬው እንዳልጠፉ ያውቃል። ልጅ እያለች ሱቅ ስትጠብቅ የተማረችው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። መጀመሪያ ወንበሩ፣ ቀጥሎ መሄድ። ስትመለስ መጀመሪያ መግባት፣ ቀጥሎ ወንበሩን ማንሳት። ቅደም ተከተሉ የተዛባ እንደሆነ ወይ ሱቁ ክፍት ሆኖ ባለቤት የለውም፣ ወይ ባለቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ደንበኛ ይመለሳል።

«ይኸው ነው» አለችኝ። «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ስማር ሌላ ነገር የሚያስተምሩኝ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ሳየው ያው የአባዬ ወንበር ነው።»

አልገባኝም አልኳት። አልገባኝም ማለት ከሩፋይዳ ጋር ለሚውል ሰው ትልቅ ስሕተት ነው፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች («ልቀመጥ ነው፤ ተቀመጥኩ»)።

«ዲስኩን እንደ ሱቅ አስበው» አለች። «ዕቃው አለ። ዕቃው የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ባለሱቅም አለ። ባለሱቁ ስኳሩን ከዚህ አንስቶ ወደዚያ ሲወስድ መብራት ድርግም ይልና ሰውዬው መሐል መንገድ ላይ ይወድቃል እንበል። ሲነቃ ስኳሩ የት ነው ብትለው እዚያ ነው ይልሃል። ስትሄድ የለም። እዚህም የለም። ባለሱቁ የሚለውና መደርደሪያው የሚለው አልተስማማም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ከተዘረፈ ሱቅ ይብሳል፤ የተዘረፈው ቢያንስ ምን እንደጎደለው ያውቃል።»

«ታዲያ መፍትሔው?»

«ስኳሩን ሳይነካ በፊት ‹ከዚህ አንስቼ እዚያ ላደርግ ነው› ይበል። ሲያደርስ ‹አደረስኩ› ይበል። ቢወድቅም ግድ የለም። ሲነቃ፣ ‹ላደርግ ነው› ብሎ ‹አደረስኩ› ያላለውን ብቻ ያያል። ወይ ይጨርሰዋል፣ ወይ እንዳልጀመረው ይተወዋል። ሰርቨሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

«ስለዚህ ሰርቨሩ እንደ አንቺ ለፍላፊ ነው» አልኳት።

«ለፍላፊ አይደለም፤ ተጠያቂ ነው» ብላ ተነሳች። መነሳቷን ግን አስቀድማ ነግራኛለች።

ይህን ጠባይዋን ለራሷ ብቻ ይዛው ቢሆን ኖሮ በታገስናት። እሷ ግን ሃይማኖቷን ለማስፋፋት ቆርጣ ተነሳች። የመጀመሪያው ተጠማቂ ምስኪኑ ኑሕ ሆነ። ካሜራውን በከፈተ ቁጥር ምን ሊቀርጽ እንደሆነ አስቀድሞ በድምፁ እንዲናገር፣ ሲያበቃም «ጨረስኩ» እንዲል አዘዘችው። ኑሕ የሰርግ ሰው ነው፤ ሱፍ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ በሚዜዎች መሐል ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። እንግዲህ እሱ ነው በሞቀ አዳራሽ መሐል ወደ ካሜራው ጎንበስ ብሎ «የሙሽራውን ጫማ ልቀርጽ ነው» የሚለው። የሚዜዎቹን ሣቅ አስቡት።

«ወላሂ ሩፋይዳ፣ ሰው እብድ ነው እያለኝ ነው!» ብሎ አለቀሰ ማለት ይቻላል።

«ይበሉሃ። አንተ ብቻ ተናገር።»

«ለምን? ምን ይጠቅማል?»

«ስም ሊጠፋ ይችላል» አለችው። «ፋይሉ ስሙን ቢያጣ ራሱ ማን እንደሆነ ይናገር።»

ኢምራን በበኩሉ የተቃራኒው ሃይማኖት ተከታይ ነው። እሱ አስቀድሞም ኋላም አይናገርም፤ ይጫናል። ሊፍት ቢዘገይበት ደጋግሞ ይጫናል፣ ስልኩ ቢቆምበት ሁሉንም ይጫናል። ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ «አዎ» ይላል። «በሦስት ቀን ይደርሳል?» አዎ። «ድሮን አላችሁ?» አዎ። ድሮን የለንም። ሩፋይዳ ዲስኩ ስላረጀ፣ ሳይጽፍም «ጻፍኩ» ማለት ስለጀመረ ይለወጥ ብላ ስትጎተጉተው ከርማ ነበር፤ በእሷ ዘንድ ሳይጨርሱ ጨረስኩ ከማለት በላይ ኃጢአት የለም። የዩፒኤሱም ባትሪ ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ ለሰርቨሩ ትንፋሽ መስጠት የነበረበት ዕቃ የኢምራን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል። ለሁለቱም የኢምራን መልስ «አዎ፣ ኢንሻአላህ» ነበር።

በዚህ መሐል የሮሐ ሰርግ መጣ።

ሮሐን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ ዊንጌት አካባቢ ያደገች፣ ሣቋ ከታክሲ ጥሩምባ የሚበልጥ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ስብሐት ግን የእሷ ተቃራኒ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ ናቸው፤ ከሰው ጋር ያወሩት ከችግኝ ጋር ካወሩት አይበልጥም ይባላል። ሰላምታቸው ራስ መነቅነቅ ነው። ለሽምግልና ለመጡት ሰዎች ሳይቀር ልጃቸውን የዳሩት ራሳቸውን ነቅንቀው ነው።

እኚህ ሰው በሰርጉ ቀን ሳይጠሩ ብድግ አሉና መናገር ጀመሩ።

አዳራሹ በደስታ አበደ። ጋሽ ስብሐት አፋቸውን ሲከፍቱ ያየ ሁሉ እልል አለ፣ እልልታው እልልታ እየጠራ የሚሉትን ዋጠው። የአዳራሹ ማይክራፎን እንደተለመደው ሞቷል። ሮሐ ራሷ አባቷ መቆማቸውን ስታይ ገና ከመጀመሪያው እንባዋ ገንፍሎ ሚዜዋ ትከሻ ላይ ተደፍታ ነበር። እሳቸው ረጋ ብለው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ ያላቸውን ተናግረው ቁጭ አሉ። ማን ሰማቸው? ማንም። በስልክ የቀረጸው ሰው ሁሉ ያገኘው እልልታና የፊት ለፊቱን ሰው ማጅራት ነው። የሰማቻቸው ኑሕ ለምርቃቱ ብሎ ጠዋት ኮሌታቸው ላይ የሰካት ትንሽ ማይክራፎን ብቻ ናት። ኑሕ ማዳመጫ አድርጎ ነበር፤ ግን እንደ ሙያው ሰው ያዳመጠው ድምፁ መግባቱን እንጂ ምን እንደሚባል አይደለም።

ከዚያ በኋላ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ንግግር ይዞ ወጣ። አክስቷ መረቋት አለች። አጎቷ ባልየውን አስጠነቀቁት አለ። ሮሐ አባቷን ለመነቻቸው።

«አባባ፣ ምን ነበር ያልከኝ? በማርያም፣ አልሰማሁህም እኮ።»

«አንዴ ተናግሬያለሁ» አሉ ጋሽ ስብሐት። ያ ራሱ ለእሳቸው ረጅም መልስ ነው።

ስለዚህ ሮሐ ተስፋዋን በሙሉ እኛ ላይ ጣለች። ሐሙስ ቀን፣ ገና የጫጉላዋ ሂና ከእጇ ሳይለቅ፣ «የሰርጉን ቀሪ ቀስ ብላችሁ ሥሩት፤ እኔ የአባቴን ንግግር ብቻ አሁን አሰሙኝ» ብላ መጣች።

ሩፋይዳ ያን ሰዓት «የሮሐን ሰርግ ወደ ሁለተኛው ዲስክ ልገለብጥ ነው» ብላ ካስጀመረች በኋላ፣ እንደ አባቷ ወንበር በሰርቨሩ ክፍል በር ላይ አጋድማ ለሶላት ወጥታ ነበር። ካሜራው ላይ የነበረውን ኢምራን ለሌላ ሰርግ ብሎ ቀድሞ አስጠፍቶታል። እንግዲህ የጋሽ ስብሐት ቃል በዓለም ላይ ያለው በዚያ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

መብራት ሄደ።

ማጉረምረሙ ቆመ፤ ታክሲ ተራው ብቻ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ መላው አዲሱ ገበያ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። እዚህ ከተማ ውስጥ መብራት ሲመጣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ፀጉር ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ጁስ ቤቱም ሁሉን በአንዴ አበሩ። ኢምራን ሮሐን ቆማ ስትጠብቅ እያየ ዝም ሊል አልቻለም። ወንበሩን አነሳና ገብቶ ተጫነ።

ሰርቨሩ ተነሳ፤ ግን እንደ ወትሮው አልተነሳም። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይደረድር ጀመር። ይህን ላስተካክል? ይህን ልቁረጥ? ይህ ከዚያ ጋር አልተስማማም፣ ልጣለው?

«ኢምራን፣ ሩፋይዳ ትምጣ» አልኩት።

«ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፤ መልስ ነው የምሰጠው» አለና ለሁሉም አዎ የምትለዋን ተጫነ። ሰርቨሩ ደንበኛ መስሎት ይመስለኛል። ሣጥኑ በኢምራን አዎታ ዕቃ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ማገላበጥ ሲጀምር፣ የሰፈሩ ሁሉ ማሽን የከበደው መስመር ድጋሚ ድርግም አለ።

«ሄደች!» አለ አዲሱ ገበያ።

ሩፋይዳ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሆና «ልገባ ነው» አለች። ገባች። «ገባሁ» አላለችም። ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት።

«ወንበሬን ማን አነሳው?»

ኢምራን የሻይ ብርጭቆውን ያይ ነበር።

«ኢምራን፣ ባትነካው እኮ ራሱ ይነቃ ነበር። ምን ላይ እንደነበረ ያውቃል። እኔ እስክመጣ ዝም ብትለው ምን ነበረበት?»

«መብራት መጣ እኮ…»

«መጣ ማለት ተስተካከለ ማለት ነው?»

ሮሐ ነገሩ ሲገባት ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «ጠፋ?» አለች። ያ ሣቋ ከየት ይምጣ፣ ድምፅዋ ራሱ አይሰማም። ኢምራን «ኧረ አልጠፋም! አለ!» ሊል አፉን ሲከፍት ሩፋይዳ እጇን አነሳች።

«ጠፋም አልልሽም፤ አለም አልልሽም» አለቻት። «ልፈልግ ነው። ስጨርስ፣ ጨረስኩ እልሻለሁ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው አለ ቢልሽ እንዳታምኚው።»

ሮሐ ዓይኗን ጠርጋ «እሺ» አለች። ከእኛ ሁሉ ማባበል ይልቅ ያ ደረቅ ቃል እንዳረጋጋት አየሁ፤ ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች የኢምራን የመከራ ቀኖች ነበሩ። ሩፋይዳ ሰርቨሩን አላበራችውም። ዲስኩን አውልቃ በሌላ ማሽን ላይ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ እንዳይቻል አድርጋ፣ ከነቁስሉ እንዳለ መገልበጥ ጀመረች። ኢምራን በሯ ላይ እየተመላለሰ «ኧረ ዝም ብለሽ ጠግኚው!» ይላል። «መጀመሪያ ግልባጩ» ትላለች። «ጊዜ እየሄደ ነው!» «በሽተኛው ላይ አልለማመድም። ብሳሳት በግልባጩ ልሳሳት።» በሩ ላይ ያለው ወንበር አሁን ሁለት ሆኗል፤ አንዱ የተጋደመው በኢምራን ስም ነው።

ግልባጩ ሲያልቅ «ልጠግን ነው» አለች። ለጥያቄዎቹ አንድ በአንድ እያነበበች መልስ ሰጠች፤ ለአንዳንዱ አዎ፣ ለአንዳንዱ አይደለም። መጨረሻ ላይ ጠርታን አሳየችን። የሰርጎቻችን ፎልደሮች ባዶ ናቸው። በምትካቸው አንድ ትልቅ ፎልደር አለ፤ ውስጡ ሰርቨሩ ሲጠገን የማን መሆናቸውን ያላወቃቸው ፋይሎች ታጭቀዋል። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። የማን ሰርግ፣ የትኛው ቀን፣ ምን፣ አይታወቅም። የአዲሱ ገበያ ልጆች ሁሉ በበዓል ዋዜማ ጠፍተው አንድ ፖሊስ ጣቢያ የተሰበሰቡ ይመስላል።

«አለቀልን» አለ ኢምራን።

ሩፋይዳ አንዱን ቁጥር ከፈተች። ጨለማ፤ ከዚያ የኑሕ ድምፅ፣ በእፍረት እንደታፈነ፦ «ክትፎ ልቀርጽ ነው።»

ሁላችንም ዞረን ኑሕን አየነው።

ሌላውን ከፈተች። «የሙሽራውን ጫማ ልቀርጽ ነው።» ሌላ። «ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ልቀርጽ ነው… ኧረ ዞር በል አንተ ሰውዬ።» ሌላ። «የኬኩን ሰርግ… ይቅርታ፣ የሰርጉን ኬክ ልቀርጽ ነው።» ስም የሌላቸው ፋይሎች ተራ በተራ እየተነሱ ስማቸውን ተናገሩ። ኑሕ ደረቱን ነፍቶ፣ በዚያ ድምፅ የተሣቀበት ሰው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ «እኔ ድሮም ሥራዬን አውቃለሁ» አለ። እኔም እየሣቅሁ አብሬ መፈለግ ጀመርኩ። እየሣቅን ስንት እልልታና ስንት ክትፎ እንዳለፍን አላውቅም።

እና አንዱ ላይ ኑሕ እንዲህ አለ፦ «የሙሽሪት አባት ሊናገሩ ነው፤ ልቀርጽ ነው።»

ሣቁ ቆመ። ጋሽ ስብሐት በስክሪኑ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው አዳራሹ ያብዳል፣ ድምፃቸው ግን ከኮሌታቸው ጥርት ብሎ ይመጣል።

«ሮሐ» አሉ። «እኔ ንግግር አላውቅም። የማውቀው ችግኝ ነው። ውኃ አብዝቼ የገደልኳቸው ችግኞች አሉ። አንቺን እንዳላበዛብሽ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ዝም ያልኩት ስላልወደድኩሽ አይደለም። አንድ የማታውቂው ነገር ልንገርሽ። ከዊንጌት ከትምህርት ቤት ስትመጪ፣ እኔ ሁልጊዜ…»

ቆመ። ምስሉ ደረቀ፤ ፋይሉ እዚያ ላይ አለቀ። ሩፋይዳ ያላየችው ቁጥር እስኪያልቅ ፈለገች፤ ቀሪው የለም። የኢምራን አዎ በልቶታል።

ኢምራን ወደ እኔ ዞረ። ሙያዬን ያውቃል። «ጉልላት፣ ‹ስላልወደድኩሽ አይደለም› ላይ ቁረጠው። ሙዚቃ አስገባበት፣ ቀስ ብሎ ይጨልም። የሚያምር መጨረሻ ነው። ማን ያውቃል?»

እውነቱን ልናገር፣ የሚያምር መጨረሻ ነበር። እጄም ወደ ማውሱ ሄዶ ነበር።

«አይሆንም» አለች ሩፋይዳ። «ኑሕ ‹ጨረስኩ› አላለም። ያልተጨረሰውን ተጨርሷል ብለህ ልትሰጣት ነው? ከዚያ ዲስክ በምን ትለያለህ?»

«ደንበኛ ነች፣ ታዝናለች!»

«ትዘን። የጎደላትን ታውቅ።»

ኢምራን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጫን እጁን ሰበሰበ። ሮሐን ጠራናት። ሩፋይዳ ከፈተችላት («ልከፍት ነው»)፣ እስከሚቆረጥበት አሰማቻትና፣ «ጨረስኩ። ያለው ይኸው ነው፤ ቀሪው ጠፍቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው» አለቻት። ሮሐ «እኔ ሁልጊዜ» የምትለዋ ላይ ደጋግማ አዳመጠች። አላመሰገነችን፣ አልሰደበችን። ፋይሉን በስልኳ ይዛ ወጣች። ኢምራን ስማችን በጉለሌ ሊጠፋ ነው ብሎ እራሱን ያዘ።

እሑድ አለፈ፤ ሰኞ ተመልሳ መጣች። ገና ደረጃው ላይ ሣቋ ቀደማት።

ለአባቷ አሰማቻቸው። ጋሽ ስብሐት ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። ተቆረጠ። ጠበቁ። ወደ ስልኩ አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ።

«የት አለ ሌላው?» አሉ።

«ጠፍቷል አባባ። መብራት ሄዶ።»

አንዴ የተናገሩትን የማይደግሙት ሰው ትንሽ አሰቡ። «አልጨረስኩትማ» አሉ። «የተጀመረ ነገር ይጨረሳል።» ከዚያም ካቆሙበት ቀጠሉላት፤ መጀመሪያውን አልደገሙም። «ከዊንጌት ስትመጪ እኔ ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። ችግኝ የማጠጣ ይመስልሽ ነበር፤ ውኃ እንኳ አልያዝኩም። በሩ ሲንኳኳ ነው ገብቼ የምቀመጠው። ሥራ ከያዝሽም በኋላ እንደዚያው ነኝ። አሁን ግን ሌላ በር ነው የምታንኳኪው። መቼ እንደምቀመጥ እንጃ።»

ሮሐ ይህን ስትነግረን እየሣቀች እያለቀሰች ነበር። «እኔ ምኑን ባውቅ!» አለች። «እኔ እኮ ውኃ እያጠጣ ነው ብዬ…» አሁን ማታ ማታ ከሥራ ወደ ባሏ ቤት ስትደርስ ትደውልላቸዋለች። የምትለው አንድ ቃል ነው፦ «ገባሁ።» እሳቸውም «እሺ» ይሉና ይቀመጣሉ።

ኢምራን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በማግስቱ አዲስ ዲስክና አዲስ የዩፒኤስ ባትሪ ተሸክሞ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞም፣ በአላህ እምላለሁ ይላል ኑሕ፣ «ልገባ ነው» አለ። ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት ስላጣ እስካሁን በእጁ ይዞ ይዞራል።

ሩፋይዳ ግን ሮሐ ስትወጣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ልትጠርግ መሆኗንም፣ መጥረጓንም አልነገረችንም።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ በእሷ ላይ መሣቅ አቃተኝ ማለት አይደለም፤ እሣቃለሁ። ግን ማታ ከሥራ ስወጣ «ወጣሁ» ብዬ በስልክ እጽፍላታለሁ፤ ቤቴ ስደርስ «ገባሁ»። ሲጀመር ለማሾፍ ነበር። እሷ ቀልድ ስለማታውቅ በቁም ነገር «ደርሶኛል» ብላ ትመልሳለች። ውሎ ሲያድር ማሾፉ የት እንደቀረ አላውቅም፤ አሁን «ደርሶኛል» ካልመጣ ጫማዬን አላወልቅም።

ባለፈው ሳምንት «ወጣሁ» ብዬ ጽፌ፣ ታክሲ ውስጥ የድሮ ጓደኛ አግኝቼ ወሬ ስንሰልቅ፣ ቤት ገብቼ ራቴን መብላት ስጀምር ስልኬ ጮኸ።

«ጉልላት» አለች። «ወጣሁ ብለህ ነበር። ገባሁ አላልክም።»

«ውይ! ገብቻለሁ እኮ ሩፋይዳ፤ ረስቼው ነው። ይቅርታ።»

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

ከኋላዋ የበር ድምፅ፣ ከዚያ የወንበር ድምፅ ሰማሁ።

«እሺ» አለችኝ። «ልቀመጥ ነው።»